«ዲጂታል ሎጂክን ትቼ ኮዲንግ ልማር?» ላልሽኝ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ኮምቦልቻ ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ነሽ። ዲጂታል ሎጂክ ከብዶሻል፤ ዜሮና አንድ፣ ጌትና ሠንጠረዥ ብቻ ሆኖብሽ «ይሄ ምን ይሠራልኛል?» ብለሻል። አዲስ አበባ ያለው ወንድም ጋሼ «ሃርድዌር ቻይና ነው የሚሠራው፤ ተይውና ነይ፣ የስድስት ወር የኮዲንግ ሥልጠና እከፍልልሻለሁ» ይላል። አባትሽም «የሚከፍለው እሱ ነው፣ እሱን ስሚ» ብለዋል። እንግሊዝኛሽ፣ የላፕቶፕ ነገርና ኤአይም አስጨንቀውሻል።

ከዋናው ልጀምር። አትተዪው።

ቻይና መሠራቱ እውነት ነው። የሚበላሸው ግን እዚህ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራ ፋብሪካው አለ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ማሽን ሲቆም የሚፈለገው ሰው ኤሌክትሪኩ ከየት ተነስቶ የት እንደቀረ መከተል የሚችል ሰው ነው።

አማካሪ ከመሆኔ በፊት ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነበርኩ። ስለዚህ በማውቀው ላስረዳሽ። አንድ ሞተር አጠገብ ቁሚ። አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ አለው። አረንጓዴውን ስትጫኚ ሞተሩ ይነሳል። ጣትሽን ስታነሺ ግን አይቆምም። ማን ያዘው? የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ብትከፍቺ ኮንታክተር ታገኛለሽ። ውስጡ ያለው ኮይል ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና የሞተሩን መስመር ያገናኛል። አብራ ጎኑ ላይ ያለች ትንሽ ኮንታክትም ትገጥማለች። እሷ ከአረንጓዴው ቁልፍ ጋር ፓራለል ነው የታሰረችው። ጣትሽ ቢነሳም ኮይሉ በራሱ ኮንታክት በኩል ኤሌክትሪክ ያገኛል። ቀዩ ቁልፍ በተከታታይ ገብቷል፤ ሲጫኑት መስመሩን ይቆርጣል።

አሁን ይህን ደብተርሽ ላይ ጻፊው። አረንጓዴው ተጭኗል ወይም ኮንታክተሩ ራሱ ይዟል፤ እና ቀዩ አልተጫነም። ኦር፣ ኤንድ፣ ኖት፤ ጌት የሚሉሽ እነዚህን ነው። መምህርሽ ላች ብሎ የሣለው ይሄንኑ ነው። ሁለት ናንድ ጌት (ኤንድና ኖት በአንድ ላይ) ወስደሽ የእያንዳንዱን ውጤት ወደ ሌላው መግቢያ ብትመልሺ አንድ ቢት፣ ማለትም አንዲት ዜሮ ወይም አንድ፣ ያስታውሳሉ። መብራት ሲጠፋ ኮንታክተሩ ይለቃል፣ ሲመጣም ሞተሩ በራሱ አይነሳም፤ ይህ የስንት ሠራተኛ እጅ አትርፏል። የኮምፒውተር ጊዜያዊ ማስታወሻ የሆነው ራምም ኃይል ሲቋረጥበት የያዘውን ያጣል።

ይህን ዝምድና አጥርቶ ያሳየው ክሎድ ሻነን ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በማስተርስ ጽሑፉ የጆርጅ ቡልን የእውነትና የሐሰት አልጀብራ ሪሌ፣ ማለትም እንደ ኮንታክተሩ በማግኔት የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ባለበት ሰርኪዩት ላይ አዋለው። ትራንዚስተር ገና አልተፈጠረም ነበር፤ የመጣው በ1947 መጨረሻ ነው። ሪሌው በሚንቀሳቀስ ብረት የሚሠራውን ማብራትና ማጥፋት ትራንዚስተር ያለ ምንም ተንቀሳቃሽ አካል ሠራው። በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ቺፕ 2,300 ገደማ ትራንዚስተር ነበሩት። የዛሬ ስልኮች ቺፕ ውስጥ ያሉት በቢሊዮን ይቆጠራሉ።

«ዜሮና አንዱ የታለ?» ብለሻል። ቮልቱ ነው። በ5 ቮልት የሚሠሩት ቲቲኤል የሚባሉ የቆዩ ቺፖች መግቢያቸው ላይ ከ0.8 ቮልት በታች ያለውን ዜሮ፣ ከ2 ቮልት በላይ ያለውን አንድ ብለው ያነባሉ። መሃል ላይ ያለው ዋስትና የለውም። በሁለት ደረጃ ብቻ መሥራት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ቮልቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል መልሱ አይለወጥም። ፋብሪካ ስትገቢ 5ቱ ቮልት ብዙ ጊዜ 24 ይሆናል፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ፒኤልሲ፣ ማለትም የፋብሪካ ማሽን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር፣ የሚታዘዝበት ላደር የሚሉት አጻጻፍም ከእነዚያው የሪሌ ሥዕሎች የመጣ ነው። እሱም ኮድ ነው።

ኮዲንግ አትማሪ አላልኩም። ሲ (C) የሚባለውን የኮድ ቋንቋ አሁኑኑ ጀምሪ፣ ግን እዚያው ግቢ ሆነሽ።

አባትሽን አከብራለሁ። «የከፈለ ይዘዝ» የሚለውን ግን አልቀበልም። ግቢ ውስጥ መኝታሽም ምግብሽም በወጪ መጋራት የተያዘ ነው። አዲስ አበባ ስድስት ወር ተምረሽ ሥራ ባይገኝ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? ዲግሪውስ? ወንድም ጋሼ ስለዚህ አንድም ነገር አላለሽም። እሱ ራሱ ኮድ ጽፎ እንደማያውቅ ነግረሽኛል። ለእህቱ አሳቢ ነው፣ ስለ ሙያው ግን የሰማውን ነው የሚያወራው። መርዳት ከፈለገ በሥልጠናው ብር ያገለገለ ላፕቶፕ ይግዛልሽ። አባትሽን ደግሞ ፊት ለፊት አነጋግሪያቸው፤ በወንድምሽ በኩል አይሁን።

እንግሊዝኛውን አብሽሪ፣ የትምህርትሽን መጻሕፍት ባነበብሽ ቁጥር ይመጣል። ላፕቶፑ እስኪገኝ ሎጂሲም የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የግቢው ኮምፒውተር ላይ ይበቃሻል። ኤአይ ደግሞ ሳጥን ከፍቶ የላላ ሽቦ አያጠብቅም።

ላብ ውስጥ ዕቃ አይደርሰንም ላልሽው፣ ያንን የሁለት ናንድ ላች ራስሽ ሥሪው፤ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ናንድ ጌቶች የያዘ አንድ 7400 ቺፕ፣ ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ኤልኢዲና ጥቂት ሬዚስተር ፈልጊ። ባለ 9 ቮልት ባትሪ በቀጥታ እንዳትሰጪው፣ ቺፑ ይቃጠላል፤ 5 ቮልት ከሚሰጥ የስልክ ቻርጀር ውሰጂ። የላቹን ሁለት መግቢያዎች በሬዚስተር ወደ 5 ቮልት አስሪያቸው፣ ቁልፎቹ ሲጫኑ ወደ ግራውንድ ያውርዷቸው። ቁልፉን ለቅቀሽም ኤልኢዲው እንደበራ ከቀረ ፎቶውን ላኪልኝ። እምቢ ካለሽ መጀመሪያ 14ኛው እግር 5 ቮልት ማግኘቱን፣ 7ኛው ግራውንድ ላይ መሆኑን በቴስተር ለኪ።