የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የክላውድ ዳታችንን ከስፕሬድሺት ጋር ስናገናኝ ቁልፉ የት ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ በአንድ አስመጪ ድርጅት የፋይናንስ ክፍል እሠራለሁ። የደንበኞቻችን የግዢ መዝገብ፣ ስልክ ቁጥርና የዱቤ ቀሪ ሒሳብ የሚቀመጠው በጉግል ቢግኩዌሪ፣ ማለትም በጉግል የክላውድ ዳታ ማከማቻ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ባልደረባ በጉግል ሺትስ ሰነዳችን ላይ አንድ ስክሪፕት (በራሱ የሚሠራ አጭር ፕሮግራም) ጽፎ ስለሄደ፣ ጠዋት ቢሮ ስንገባ ዳታው ታድሶ ይጠብቀናል። ሰሞኑን ስክሪፕቱን ከፍቼ ሳየው «ፕራይቬት ኪ» ከሚል ቃል ቀጥሎ ብዙ መስመር የሚሞላ የፊደልና የቁጥር ድርድር አገኘሁ። ሰነዱን የምንጋራው 14 ሰዎች ስንሆን ማረም የሚችሉት 3ቱ ብቻ ናቸው። የሚያሰጋ ነገር አለ ወይስ በከንቱ ተጨንቄያለሁ?
የአምዱ ተከታታይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጭንቀትዎ ተገቢ ነው፤ ጉዳዩንም ዛሬውኑ ለድርጅትዎ የአይቲ ኃላፊ እንዲያሳውቁ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ያገኙት ድርድር የሰርቪስ አካውንት ቁልፍ ነው። ሰርቪስ አካውንት ሰው ሳይሆን ፕሮግራም የሚገባበት መለያ በመሆኑ፣ ቁልፉን የያዘ ሁሉ የይለፍ ቃልም ሆነ በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ኮድ ሳይጠየቅ ለመለያው የተፈቀደውን ዳታ በሙሉ ማንበብ ይችላል። አስቀድሞ የጊዜ ገደብ ካልተደረገበት ደግሞ ቁልፉ በራሱ አያበቃም፤ የለቀቀው ባልደረባዎ ቅጂ ካለው እስከ ዛሬ ድረስ ሊገባበት ይችላል ማለት ነው።

ማረም የሚችሉት 3 ሰዎች ብቻ መሆናቸው ሊያጽናናዎት አይገባም። ከሰነድ ጋር የተያያዘ ስክሪፕት ሰነዱ ሲቀዳ አብሮ ይቀዳል። ለማየት ብቻ የተፈቀደለት ሰው፣ መቅዳት ካልተከለከለ በቀር፣ «ሜክ ኤ ኮፒ» የሚለውን ሲጫን የአዲሱ ቅጂ ባለቤት ይሆናል፤ ከዚያ «ኤክስቴንሽንስ» በሚለው ዝርዝር ሥር «አፕስ ስክሪፕት»ን ሲከፍት ቁልፉን አንድ ፊደል ሳይጎድል ያገኘዋል። ስለዚህ ቁልፉን 14ቱም ሰዎች እንዳዩት አድርገው ይቁጠሩት።

ከዚህ የተነሣ ቁልፉን ከስክሪፕቱ ላይ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ቀደም ሲል በተቀዱት ሰነዶች ውስጥ እንዳለ ይቀራልና። የጉግል ክላውድ አስተዳዳሪያችሁ ቁልፉን ወዲያውኑ ያግደው። በዚያው ቁልፍ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ከነበረ መቆሙ ስለማይቀር በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታወቃል፤ ለእርሱም ሌላ መግቢያ ከተበጀለት በኋላ ቁልፉ ለዘለቄታው ይሰረዝ።

በምትኩ የምመክርዎ እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ መለያ እንዲገባ ነው። ጉግል ሺትስ ከቢግኩዌሪ ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት «ኮኔክትድ ሺትስ» የተባለ አሠራር አለው፤ በዚህ አሠራር ሰነዱ ውስጥ የሚቀመጥ ቁልፍ የለም። ዳታውን የሚያድሰው ሰው ራሱ በቢግኩዌሪ በኩል ሠንጠረዡን የማንበብና መጠይቅ የማስኬድ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ሠራተኛው ሲለቅ መለያው ይዘጋል፤ መግቢያውም አብሮ ይዘጋል። ቢግኩዌሪ ለማን የትኛው ረድፍ እንደሚታይ መወሰን ስለሚያስችል፣ የአንዱ ቅርንጫፍ ሠራተኛ የሌላውን ቅርንጫፍ ደንበኞች ሳያይ ሥራውን ሊሠራ ይችላል። በእኔ እምነት የስልክ ቁጥሩ ዓምድ ከነጭራሹ ወደ ሰነዱ ባይመጣ ይሻላል፤ ቀሪ ሒሳብ ለማስላት ስልክ ቁጥር አያስፈልግምና።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። በየጠዋቱ በራሱ የሚካሄደው እድሳት የሚሠራው መርሐ ግብሩን ባዘጋጀው ሰው ፈቃድ ስለሆነ፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይያዝ፤ አለበለዚያ እርሱ በለቀቀ ማግስት እድሳቱ ሊቆም ይችላል። ሁለተኛው፣ አንዴ ወደ ሰነዱ የመጣ ዳታ ሰነዱን ለሚያይ ሁሉ ይታያል፤ የቢግኩዌሪ ገደብ ወርዶ ሕዋስ ውስጥ የተቀመጠውን ቁጥር አይሸፍነውም። ስለዚህ ሰነዱን የሚጋሩት ሰዎች ዝርዝር ራሱ እንደ ፈቃድ ይታይ፤ ለተመልካቾችም ማውረድና መቅዳት ይከልከል።

ከውጭ የተሠራ አድ-ኦን (በሺትስ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ለመጫን ካሰባችሁ ደግሞ «አላው» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት የሚጠይቀውን ፈቃድ ቃል በቃል አንብቡት። ሁሉንም የጉግል ድራይቭ ፋይሎቻችሁን ለማየት፣ ለማረም፣ ለመፍጠርና ለመሰረዝ የሚጠይቅ አድ-ኦን እና የተጫነበትን ሰነድ ብቻ የሚጠይቅ አድ-ኦን እጅግ የተለያዩ ናቸው፤ አንድ ሠንጠረዥ ለማምጣት የመጀመሪያው ምንም አያስፈልግም።

ነገሩ የሕግም ጉዳይ ነው። የደንበኞች ስም፣ ስልክና ዕዳ የግል ዳታ በመሆኑ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ድርጅትዎን ይመለከተዋል፤ አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ጥያቄ፦ የኤክሴል አድ-ኢን (በኤክሴል ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) እየሠራሁ ነው። ከድርጅታችን የክላውድ ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘውን ምስጢራዊ ኮድ በጃቫስክሪፕቱ ውስጥ እንዴት ልደብቀው?
ወጣት ፕሮግራመር

መልስ፦ ሊደብቁት አይችሉም። ዘመናዊው የኤክሴል አድ-ኢን በኤክሴል ውስጥ የሚከፈት ድረ ገጽ ነው፤ ተጠቃሚው የገንቢዎችን መሣሪያ ከፍቶ እያንዳንዱን መስመር ያነባል፤ ኮዱን ማወሳሰብም ቢያዘገየው እንጂ አያስቀረውም። ምስጢሩ በእርስዎ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ። ተጠቃሚው በድርጅቱ የማይክሮሶፍት መለያ ይግባ፤ አድ-ኢኑ በዚህ መንገድ የሚያገኘውን አጭር ዕድሜ ያለው ቶክን (የመግቢያ ማረጋገጫ) ለሰርቨሩ ይላክ፤ ሰርቨሩም ቶክኑ በትክክል ለእርሱ የተሰጠ መሆኑንና ጊዜው አለማለፉን አረጋግጦ፣ ለዚያ ሰው የተፈቀደውን ዳታ ብቻ ከዳታቤዙ አውጥቶ ይመልስ። ያን ጊዜ ዳታቤዙን ከኢንተርኔት ለይተው ለሰርቨሩ ብቻ ክፍት ማድረግ ይችላሉ፤ የሚልኩልኝ ኮድ ካለም ምስጢሩን አውጥተው ይላኩልኝ፤ ደስ እያለኝ አየዋለሁ።