ቡናውን ጠጡት፣ ቁስሉ ላይ አትነስንሱት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሀዋሳ ነው። ከጓደኞቼ ጋር እሁድ እሁድ በእግር እንወጣለን። አንዳንዴ ታቦር፣ አንዳንዴ ደግሞ ከወንዶ ገነት ፍል ውሃ በላይ ያለው ጫካ። ባለፈው አንዱ ልጅ አዳልጦት ወደቀና ባቱን ሹል ድንጋይ ሸረከተው። ደሙ አልቆም አለ። ቦርሳችንን ስንከፍት ያለው ፓራሲታሞል፣ ፕላስተርና ግማሽ ጠርሙስ አልኮል ብቻ። አንዷማ «የቡና ዱቄት የያዘ የለም?» እያለች ትጮሃለች። እግዜር ይመስገን ተርፏል። ለሌላ ጊዜ ምን እንያዝ? ዳ.፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ እንኳን ተረፈላችሁ! ቡናውን ጠጡት። ቁስል ላይ መነስነሱ ከቤት የለመድነው ነገር ነው፣ ግን ቁስሉን ያቆሽሻል፤ ሐኪም ቤት ሲደርስ ያንን ሁሉ አጥቦ ማውጣት ለልጁ ሌላ ስቃይ ነው። አልኮሉንም ክፍት ቁስል ውስጥ አታፍስሱ።

ከባድ ደም መፍሰስ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይገድላል፣ እናንተ ደግሞ ከጫካው ወርዳችሁ መኪና እስክታገኙ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከክኒኑ በፊት ጓንት፣ ብዙ ጎዝ፣ ሰፋፊ ፋሻና አንድ ቱርኒኬት (በዘንግ እየተጠመዘዘ እጅ ወይም እግር አጥብቆ ደም የሚያቆም ሰፊ ማሰሪያ) ያዙ። ጎዙን ቁስሉ ላይ ከምሩትና በሁለት እጅ፣ በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑት። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወደ ውስጥ ጠቅጥቁት። ቢያንስ 10 ደቂቃ። «ቆመ እንዴ?» ብሎ ገልጦ ማየት የለም! ደሙ ካለፈ ከላዩ ጨምሩበት እንጂ የመጀመሪያውን አታንሱት።

እጅ ወይም እግር ሆኖ ደሙ በዚህም እምቢ ካለ ቱርኒኬቱን ከቁስሉ 5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ጉልበትና ክርን ላይ ግን አይሆንም። ደሙ እስኪቆም አጥብቃችሁ ጠምዝዙት። ያማል፣ ልጁ ይጮሃል፣ እናንተም ትደነግጣላችሁ፤ አታላሉት። ያሰራችሁበትን ሰዓት በእስክሪብቶ ጻፉ፣ የሚፈታው ሐኪም ነው። ሲገዙ ርካሹን ይጠንቀቁ፣ ሲጠመዘዝ የሚሰበር አለ። ከሌላችሁ ሰፊ ጨርቅና ጠንካራ እንጨት ይሠራል። ገመድና ሽቦ ግን ሥጋ ይቆርጣል። እባብ ለነደፈው ሰው ደግሞ ጭራሽ አትሰሩ፤ እግሩን ሳታንቀሳቅሱ ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ለተሰበረ ክንድ ነጠላ ይበቃል፣ አንገት ላይ አንጠልጥሎ ይይዛል። ደም የፈሰሰው ሰው በፀሐይም ቢሆን ይበርደዋልና ጋቢ ደርቡለት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ እዚያ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ ቢጠፋስ? ኔትወርክ ያለበት ቦታ ድረስ ሮጦ የሚደውለውን ሰው ከመነሻው ምረጡ።

ደግሞ ይሄን ሁሉ ከምሳ ዕቃው ሥር እንዳትቀብሩት፣ የላይኛው ኪስ ውስጥ ይሁን። ከመጪው እሁድ በፊት አንዳችሁ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ እያንዳንዳችሁ ቱርኒኬቱን በአንድ እጅ ብቻ የራሳችሁ ክንድ ላይ አስራችሁ ሞክሩ። ያቺ ቡና ያለችው ልጅ ትጀምር።