ላሜ ቀትር ላይ ታለከልካለች፤ መርፌ ላስወጋት?

ጥያቄ፦ ከሦስት ወር በፊት የወለደች ድቅል የወተት ላም አለችኝ። ሙቀቱ ከበረታ ወዲህ ቀትር ላይ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ ለሃጯ ይዝረበረባል፤ መኖዋን ትታ ቆማ ትውላለች። ወተቷም ቀንሷል። መርፌ ላስወጋት ወይስ ሌላ መፍትሔ አለ?

መልስ፦ የዘረዘሯቸው ምልክቶች ላምዎ በሙቀት መጎዳቷን ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ ትኩሳት ያለው በሽታም ላምን ስለሚያስለከልክ፣ ስለ መርፌ ከመወሰንዎ በፊት ሁለቱን እንዲለዩ አደራ እላለሁ። የጤናማ ላም የሰውነት ሙቀት በፊንጢጣ ሲለካ ከ38 እስከ 39.3 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ማለዳ አየሩ ቀዝቅዞ ሳለ አንድ ጊዜ፣ ቀትር ላይ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይለኩ። ሙቀቷ ማለዳ ጤናማ ሆኖ ቀትር ላይ ብቻ ከፍ የሚል ከሆነ መንስኤው የአየሩ ሙቀት ሳይሆን አይቀርም፤ በቀዝቃዛ ሌሊት አርፋም ማለዳ ከ39.5 በላይ ከሆነ ግን ሳይዘገዩ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩአት። የትኩሳት ማውረጃ መድኃኒት ከበሽታ የመጣን ትኩሳት እንጂ ከሰውነት መውጫ ያጣን ሙቀት አያወርድም፤ ስለዚህ በሙቀት የተጎዳችን ላም መርፌ አስወግቶ መጠበቅ ውኃና ጥላ የምታገኝበትን ጊዜ ማባከን ነው።

ላም የምትሞቀው በፀሐይ ብቻ አይደለም። መኖው በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ሲብላላ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ ይህም ከተመገበች ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይበረታል። ረፋድ ላይ ጠግባ የበላች ላም ቀትር ላይ የውስጡም የውጭውም ሙቀት በአንድ ጊዜ ይደርስባታል። ስለሆነም የቀኑን መኖ አብዛኛውን ገና ሳይነጋጋና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያቅርቡላት። የመብላት ፍላጎቷ ቀነሰ ብለው ሣሩንና ድርቆሹን በተፈጨ መኖ አይተኩ፤ ለሃጭ ስትዝረበረብ የጨጓራዋን አሲድ የሚያለዝበውን ንጥረ ነገር አብራ ስለምታጣ፣ የተፈጨ መኖ ሲበዛ ሆዷ በቀላሉ ይታወካል። ጨው ግን ሁልጊዜ ከአጠገቧ አይጥፋ።

የምትታለብ ላም በሙቀት ወቅት በቀን ከ100 ሊትር በላይ ውኃ ልትጠጣ ትችላለች። በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ውኃ መንዳት ይህን አያሟላም፤ ንጹሕ ውኃ የሞላበት ገንዳ ጥላ ውስጥ፣ ሌትና ቀን ከፊቷ መኖር አለበት። ከታለበች በኋላ አብዝታ ስለምትጠጣ በተለይ በዚያ ሰዓት ገንዳው ባዶ እንዳይሆን ይከታተሉ።

በረትዎ ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ክዳን ካለው፣ የጋለው ቆርቆሮ ራሱ ሙቀቱን ወደ ላሟ ጀርባ ይመልሳል። ላዩን በሣር መሸፈንና ጎኖቹን ለነፋስ መክፈት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ውኃ ሲያፈሱባትም ፀጉሩን አልፎ ቆዳዋ እስኪርስ ድረስ ይሁን፤ ከዚያ ነፋስ እንዲያገኛት ያድርጉ። ሰውነቷን የሚያቀዘቅዘው ውኃው ሲተን ነውና፣ ነፋስ በሌለው ዝግ በረት ውስጥ ውኃ መርጨት እርጥበቱን አብዝቶ ያፍናታል።

ከተንገዳገደች፣ ከወደቀች ወይም ሙቀቷ ከ41 ካለፈ ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። ሐኪም እንዲጠራ ሰው ይላኩ፤ እርስዎ ግን እርሱን አይጠብቁ። አያስኪዷት፤ ባለችበት ጥላ ይሥሩላትና አንገቷን፣ ጀርባዋንና ጎኗን ሳያቋርጡ በቀዝቃዛ ውኃ እያራሱ ያራግቡላት። በየ10 ደቂቃው ይለኩ፤ ወደ 39.5 ሲወርድ ማፍሰሱን ያቁሙ። በግድ በጠርሙስ ውኃ አያጠጧት፤ የምታለከልክ ላም ውኃው በቀላሉ ወደ ሳንባዋ ይገባል።

ወተቷ በማግስቱ ካልተመለሰ አይደናገጡ፤ የሙቀት ጉዳት በወተት ላይ የሚታየው አንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው፤ ማገገሙም ቀናት ይወስዳል። በእነዚህ ቀናት ጎኗ ከፍ ዝቅ ሲል እያዩ ትንፋሿን ይቁጠሩ። ጥላ ውስጥ አርፋ ሳለች በደቂቃ ከ60 በላይ ከተነፈሰች፣ አፏን እስክትከፍት ሳይጠብቁ ውኃ ማፍሰስ ይጀምሩ።