ነባሩ ፕሬዝዳንት ሲወዳደር፦ የፖርቱጋልን ምርጫ ለምትከታተሉ ወጣቶች

ለጀማሪ የውጭ ዜና አዘጋጆችና የሰው አገር ምርጫ መከታተል ለምትወዱ ሁሉ፤

አና ጎሜሽን የማያስታውስ የ1997 ሰው የለም። የአውሮፓ ኅብረትን ታዛቢ ቡድን መርተው የመጡት፣ ሕዝቡም «ሐና ጎበዜ» የሚል ስም ያወጣላቸው ፖርቱጋላዊት ናቸው። በጃንዋሪ 2021 አገራቸው ውስጥ ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደሩ ስማቸውን ከዕጩዎች ዝርዝር ላይ ያየ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ያሸንፋሉ ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ለዚያ ምርጫ አይሆንም። የሚሆነው ጥያቄ «ነባሩ ከስንት መራጭ ስንት ድምፅ አገኘ፣ ከሥሩስ ማን ወጣ፣ ካሸነፈ በኋላስ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው፤ ከነምክንያቱ ልንገራችሁ። (ከ1997 በስተቀር ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከ1974ቱ የፖርቱጋል አብዮት ወዲህ በአገሪቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለሁለተኛ ጊዜ የተወዳደረ ፕሬዝዳንት ተሸንፎ አያውቅም። ኢያኔሽ በ1980፣ ሶዋሬሽ በ1991፣ ሳምፓዮ በ2001፣ ካቫኮ ሲልቫ በ2011፣ ማርሴሎ ሬቤሎ ዴ ሶዛ በ2021 ደግመው አሸንፈዋል፤ አምስቱም በመጀመሪያው ዙር። ምርጫው ወደ ሁለተኛ ዙር የሄደው በ1986ና በ2026 ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱም ጊዜ ነባሩ የማይወዳደርበት ነበር። በ1980 ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው ጠቅላይ ሚኒስትር ሳ ካርኔይሮ የኢያኔሽን ተቀናቃኝ ለመደገፍ ወደ ፖርቶ ሲጓዙ አውሮፕላናቸው ከሊዝበን እንደተነሣ ካማራት ላይ ወድቆ ሞቱ። አገሩ ሐዘን ላይ ተቀምጦም ኢያኔሽ 56 በመቶ አግኝተው አለፉ።

ለምን እንዲህ ሆነ ብትሉ፣ ምክንያቱ የፓርቲዎቹ ስሌት ነው። ፕሬዝዳንቱ በጀት አይጽፍም፣ ግብር አይጨምርም፣ ሆስፒታል አያስተዳድርም፤ የኑሮ ውድነቱ ቁጣ የሚያርፈው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ላይ ነው። ስለዚህ ትልልቆቹ ፓርቲዎች ጠንካራ ሰዋቸውን ለሽንፈት ከመማገድ አምስት ዓመት ቢጠብቁ ይመርጣሉ። በ1991 የቀኝ መሐል የሆነው ገዢ ፓርቲ የራሱን ዕጩ ትቶ ሶሻሊስቱን ሶዋሬሽን ደገፈ፤ ሶዋሬሽም 70 በመቶ አገኙ። በ2021 ደግሞ ተገላቢጦሹ ሆነ። ሶሻሊስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር አንቶንዮ ኮሽታ በሜይ 2020 ፓልሜላ ያለውን የመኪና ፋብሪካ ከማርሴሎ ጋር ሲጎበኙ፣ ማርሴሎ ገና እወዳደራለሁ ሳይሉ፣ በሁለተኛ ዘመናቸውም አብረን እዚህ እንመጣለን የሚል መልእክት ጣል አደረጉ። ፓርቲያቸው ማንንም ሳይደግፍ ቀረ። አና ጎሜሽ የዚሁ ፓርቲ አባል ሆነው ያለ ፓርቲው ድጋፍ የተወዳደሩት በዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ የማሸነፍ ጥያቄው ስምንት ወር ቀድሞ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ተዘግቶ ነበር ማለት ይቻላል።

«ፕሬዝዳንት» የሚለው ቃል ራሱ እኛን ያሳስተናል። የእኛን ፕሬዝዳንት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ ይመርጡታል፤ ሥራውም በአብዛኛው ሥነ ሥርዓታዊ ነው። የአሜሪካው ደግሞ ራሱ መንግሥት ነው። የፖርቱጋሉ ከሁለቱም አይደለም። ሕዝብ በቀጥታ ይመርጠዋል፣ ዘመኑ አምስት ዓመት ነው፣ አገሩን የሚመራው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ሆነው የምታውቋቸው አንቶንዮ ጉቴሬዝ ፖርቱጋልን የመሩት በጠቅላይ ሚኒስትርነት ነበር፤ «የቀድሞው የፖርቱጋል ፕሬዝዳንት» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ፕሬዝዳንቱ በእጁ ያለው ብሬክ ነው፤ ሕግ ሳይፈርም ይመልሳል፣ ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይልካል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፓርላማውን ይበትናል። የመለሰውን ሕግ ፓርላማው ከጠቅላላ አባላቱ ከግማሽ በላይ በሆነ ድምፅ መልሶ ካጸደቀው ግን መፈረም ግዴታው ነው፤ አንዳንድ ሕጎች ላይ ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል።

የምርጫውን ቀን የሚቆርጠውም ፕሬዝዳንቱ ራሱ ነው፣ ዕጩ ቢሆንም። ይህን ሲሰማ «አያ፣ እንግዲህ ተበላ» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ ጠባብ መስኮት ነው የከፈተለት፤ ምርጫው የነባሩ ዘመን ከማለቁ በፊት ባሉት 60 ቀናት ውስጥ መዋል አለበት። ቃለ መሐላው ማርች 9 ስለሆነ ከ1986 ወዲህ ምርጫው ሁልጊዜ ጃንዋሪ ላይ ይወድቃል። ማርሴሎ ይህ ጠባብነት በ2021 ምን እንደሚያመጣ አይተዋል። ኮሮና ሲበረታ «ይራዘም» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ለማራዘም ሕገ መንግሥቱ መሻሻል ነበረበት፤ ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ሊሻሻል አይችልም፤ አዋጁ በሥራ ላይ ነበር። አገሩ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጦ ጃንዋሪ 24 ድምፅ ሰጠ። ሌላም መውጫ ተዘግቷል፦ ከሁለት ተከታታይ ዘመን በኋላ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት መወዳደር አይቻልም፤ ሥልጣኑን በፈቃዱ የለቀቀም በቀጣዩ ምርጫ አይወዳደርም። ለቅቆ፣ አዝኖ መስሎ፣ በሕዝብ እልልታ መመለስ የሚባል ጨዋታ የለም።

ዕጩ ለመሆን በትውልድ ፖርቱጋላዊ መሆን፣ 35 ዓመት መሙላትና ከ7,500 እስከ 15,000 የመራጭ ፊርማ ማቅረብ ያስፈልጋል። ፊርማው ፈራሚው በመራጭነት መመዝገቡን ከሚያሳይ ማረጋገጫ ጋር ካልቀረበ አይቆጠርም፤ ብዙ ትንንሽ ዕጩዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። ሰነዱ ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የሚገባው ቢዘገይ ከምርጫው 30 ቀን በፊት ነው። የድምፅ መስጫ ወረቀት ደግሞ ለቆንስላዎችና ቀድመው ለሚመርጡ ሰዎች መድረስ ስላለበት፣ የስም ቅደም ተከተሉ ዕጣ የሚወጣው ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሳይጨርስ ነው። ውጤቱን በ2021 እዩት። ወረቀቱ ላይ ስምንት ስም ነበር፤ ዕጩዎቹ ግን ሰባት። ዕጣው አንደኛ ያደረገው ሰው፣ ፎቶው ከሁሉ በላይ የተቀመጠው፣ ያቀረበው ፊርማ 11 ብቻ ስለነበር ውድቅ ተደርጎ ነበር። እሱ ሳጥን ውስጥ ምልክት ያደረገ መራጭ ድምፁ ዋጋ አጣ። በ2026ም 14 ስም ታትሞ ዕጩዎቹ 11 ነበሩ። ስለዚህ የዕጩዎችን ቁጥር ከወረቀቱ ፎቶ ቆጥራችሁ አትጻፉ፤ ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ ውሰዱ።

አሁን ወደ ቁጥሩ፤ ብዙ ጊዜያችሁን እዚህ እንድታጠፉ እፈልጋለሁ።

ማርሴሎ በ2021 ያገኙት 60.7 በመቶ ነው። የምን በመቶ? ሕገ መንግሥቱ ለማሸነፍ የሚጠይቀው ዋጋ ካለው ድምፅ ከግማሽ በላይ ሲሆን፣ ባዶ ወረቀት ዋጋ ካለው ድምፅ አይቆጠርም። ስለዚህ ባዶውና የተበላሸው ሲበዛ የአሸናፊው መቶኛ ይወፍራል። በ2011 ባዶ ብቻውን ከ4 በመቶ በላይ ነበር፤ ካቫኮ ሲልቫ ያሸነፉበት 53 በመቶ እነዚህ ወጥተው የተሰላ ነው። ሁልጊዜ ሁለተኛ ስሌት ሥሩ፦ የአሸናፊውን ድምፅ ለተመዘገበው መራጭ አካፍሉ። ሶዋሬሽ በ1991 ወደ 3.46 ሚሊዮን ድምፅ አገኙ፤ ከተመዘገበው 42 በመቶ ገደማ ነው። ማርሴሎ በ2021 ወደ 2.53 ሚሊዮን፣ ከ10.85 ሚሊዮን ተመዝጋቢ፤ 23 በመቶ። ሁለቱም «ታላቅ ድል» ተብለዋል። በ308ቱም የአገሪቱ ወረዳዎች አንደኛ የወጡት ግን ማርሴሎ ናቸው፤ እሱንም አትርሱ።

የቀሪው መራጭ ቁጥር ላይ ደግሞ ወጥመድ አለ። በ2016 ድምፅ የሰጠው 48.7 በመቶ፣ በ2021 39.3 በመቶ ነው። ከዘጠኝ ነጥብ በላይ ወረደ። «ኮሮና ነው» ብሎ መጻፍ ይቀላል፤ ግን ግማሹ ያህል የመዝገብ ጉዳይ ነው። በ2018 ሕግ ተቀይሮ ውጭ አገር የሚኖሩ ፖርቱጋላውያን በመታወቂያቸው አድራሻ መሠረት በራሳቸው ሳይጠይቁ ተመዘገቡ፤ የውጭው መዝገብ ከ300 ሺ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዘለለ። እነዚህ ሰዎች ለፕሬዝዳንት የሚመርጡት በአካል ቆንስላ ሄደው ብቻ ነው፤ ፖስታ የሚፈቀደው ለፓርላማ ምርጫ ነው። ከውጭ ድምፅ የሰጡት በ2016 14 ሺ ገደማ፣ በ2021 29 ሺ ገደማ ነበሩ። ሰው በእጥፍ ጨምሮ መቶኛው ከ4.7 ወደ 1.9 ወረደ። አገር ውስጥ ብቻ ብትወስዱ ተሳትፎው ከ50 ገደማ ወደ 45.5 ነው የወረደው። በወረርሽኝ መካከል ይህ አሳፋሪ አይደለም። «ሕዝቡ ጀርባውን ሰጠ» ከማለታችሁ በፊት መዝገቡ ምን ያህል እንዳበጠ ጠይቁ።

ከ1991 ወዲህ ነባሩ ሲወዳደር ተሳትፎ የሚወርደው ግን እውነት ነው፤ ያለቀ ነገር ላይ ማን ይሰለፋል? በ2001 ከግማሽ በታች ወረደ፣ በ2011 ይበልጥ። የ2011ዱ ላይ የአስተዳደር ጥፋትም ተጨምሮበታል። አዲሱ የዜጋ ካርድ የመራጭነት ቁጥር አልተጻፈበትም፤ ምርጫ ጣቢያው ደግሞ መራጩን የሚፈልገው በዚያ ቁጥር ነበር። ሰው ጣቢያው በር ላይ ቆሞ በስልክ መልእክትና በኢንተርኔት ቁጥሩን ሲጠይቅ አገልግሎቱ በእሑዱ ጫና ተዘጋ፤ ብዙዎች ሳይመርጡ ተመለሱ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ይቅርታ ጠየቁ። ያ ቁጥር ኋላ በዚያው በ2018 ሕግ ቀርቷል።

ከአሸናፊው በታች ያለውን ዝርዝር ከአንደኛው ይልቅ አጥብቃችሁ አንብቡ። በ2021 አና ጎሜሽ 13 በመቶ ገደማ አግኝተው ሁለተኛ ወጡ፤ በፖርቱጋል የፕሬዝዳንት ምርጫ ሴት ዕጩ እስከዚያ ያላገኘችው ውጤት ነው። ሦስተኛው የቀኝ ጽንፉ አንድሬ ቬንቱራ ነበሩ፤ 11.9 በመቶ፣ ልዩነቱ 43 ሺ ድምፅ ያህል። ቬንቱራ ሁለተኛ ከወጡባቸው ቦታዎች መካከል ቤዣ፣ ኤቮራና ፖርታሌግሬ ይገኛሉ፤ የአሌንቴዦ የእርሻ አገር፣ ኮሚኒስቶቹ ለአሥርት ዓመታት ሥር የሰደዱበት። የፓርቲዎቹን ካርታ የሚቀይረው ነገር በዚያች ሌሊት እዚህ ይታይ ነበር፤ በ2026 ሁለተኛ ዙር የገቡት እኚሁ ሰው ናቸው። ግርጌውም ላይ ገንዘብ አለ። የመንግሥት የምርጫ ወጪ ድጎማ የሚሰጠው ቢያንስ 5 በመቶ ላገኘ ነው። የግራ ክንፏ ዕጩ ማሪዛ ማቲያሽ በ2016 10 በመቶ አግኝተው በ2021 ከ4 በታች ወረዱ፤ የኮሚኒስቶቹም ዕጩ ከ5 በመቶው በጥቂት አነሱ።

ለምርጫው ምሽት ይህን ያዙ። ጣቢያዎች በሊዝበን ሰዓት ከጠዋቱ 8 እስከ ምሽቱ 19 ሰዓት ክፍት ናቸው፤ የአዞረስ ደሴቶች በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆኑ ማንኛውም ትንበያ የሚለቀቀው በሊዝበን 20 ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 5 ሰዓት። ከዚያ በፊት «ውጤት» ብሎ የሚመጣላችሁን ነገር ጣሉት። መጀመሪያ የሚገባው የትንንሾቹ ቀበሌዎች ቆጠራ ነው፤ ሊዝበንና ፖርቶ ዘግይተው ስለሚመጡ በመጀመሪያው ሰዓት የምታዩት ካርታ ገጠሩን ነው። የቆንስላዎቹ ደግሞ ከሁሉ በኋላ።

ነባሩ ደግሞ ካሸነፈ በኋላ ሥራችሁ የሚጀምረው ማርች 9 ላይ ነው። በመጀመሪያው ዘመኑ ሁሉን ለማስደሰት የሚጥር ፕሬዝዳንት ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚፈራው ምርጫ የለም። ሳምፓዮ ፓርላማውን የበተኑት በሁለተኛው ዘመናቸው ነው፤ ማርሴሎ ሦስት ጊዜ፣ ሦስቱንም በሁለተኛው። የፋብሪካውን ቀልድ የቀለዱት ኮሽታ የ2022 በጀታቸው ሲወድቅ መጀመሪያ የተበተነባቸው ፓርላማ በእኚሁ ወዳጃቸው እጅ ነበር፤ ተከትሎ የመጣው ምርጫ ብቻቸውን እንዲገዙ የሚያስችል ወንበር ሰጣቸው እንጂ።

መበተንም የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው። ፓርላማው ከተመረጠ ስድስት ወር ሳይሞላው አይበተንም፤ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት አይበተንም፤ በፕሬዝዳንቱ ዘመን የመጨረሻ ስድስት ወርም አይበተንም። የ2026ቱ ተመራጭ ለሁለተኛ ዘመን ከቀረቡ ምርጫው ጃንዋሪ 2031 ላይ ይውላል። ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ግን መጀመሪያ ሴፕቴምበር 9፣ 2030ን ጻፉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕጩው ፕሬዝዳንት ፓርላማውን የሚበትንበት ሥልጣን እጁ ላይ የለም፤ መንግሥት ቢወድቅም ባለው ፓርላማ መላ መፈለግ ነው።