ጥያቄና መልስ፦ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች የማርች ታሪክ

መዝጋቢው፦ በየዓመቱ በማርች የሚካሄደው የአሜሪካ ኮሌጆች ቅርጫት ኳስ ጥሎ ማለፍ ሊጀመር ስለሆነ ስለ አሰልጣኞቹ የውድድር ታሪክ ጠይቁኝ። አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ዓመቱን ሳትጠቅሱ ቁጥር ከቁጥር አታወዳድሩ። ውድድሩ በ1939 ሲጀመር 8 ቡድን ብቻ ነበረው። በ1975 32፣ በ1985 64፣ በ2011 68 ሆነ። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ምርጡ አሰልጣኝ ማን ነው?

መዝጋቢው፦ በምን? በዋንጫ ነው? በድል ብዛት? ለይተህ ጠይቅ።

የዱክ ደጋፊ፦ በድል ብዛት ከሆነ የዱኩ አሰልጣኝ የነበረው ኮች ኬ (ማይክ ሺሸፍስኪ) ነው። 101 ድል! ሌላ ምን ይባላል?

መዝጋቢው፦ 101 ልክ ነው፤ 5 ዋንጫና 13 ፋይናል ፎርም (የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ዙር) አለው። ግን ዓመቱን ተመልከት። አምስቱንም ዋንጫ ያነሳው ለእያንዳንዱ 6 ጊዜ ማሸነፍ ግድ በሆነበት ዘመን ነው። የተሳካለት ዓመት ብቻውን 6 ድል ይጨምርለታል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የዩሲኤልኤ (የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) አሰልጣኝ የነበረው ጆን ውደን 10 ዋንጫ አንስቶ ድሉ 47 ብቻ ነው የሚል አየሁ። ተሳስተው ነው?

መዝጋቢው፦ አልተሳሳቱም። ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። የውደን መዝገብ 47 ድልና 10 ሽንፈት ነው፤ ግን ለሁለት ከፍላችሁ ካላያችሁት አይገባችሁም። ዩሲኤልኤን የያዘው በ1948 ነው። ከ1964 በፊት በዚህ ውድድር 3 አሸንፎ 9 ተሸንፏል። በ5 ዓመት ተሳትፎ እንዴት 9 ሽንፈት? ያኔ የተሸነፈ ቡድን ወዲያው ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር፤ ለሦስተኛ ደረጃ ደግሞ ይጫወታል። ስለዚህ በ1950፣ በ1952፣ በ1962 እና በ1963 በአንድ ውድድር ሁለት ሁለት ጊዜ ተሸነፈ። ዛሬ ቢሆን አራቱ ሽንፈቶች መዝገቡ ላይ ባልኖሩ ነበር። ከ1964 እስከ 1975 ደግሞ 44 አሸንፎ 1 ብቻ ተሸነፈ። በ12 ዓመት 10 ዋንጫ! ሰውየው የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው በ16ኛ ዓመቱ መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ዛሬ ያን ያህል የሚታገሰው ኮሌጅ አለ ብዬ አላምንም።

የዱክ ደጋፊ፦ በውደን ዘመን ብዙውን ጊዜ እንደነበረው በ4 ጨዋታ ዋንጫ ማንሳት ግን ቀላል ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቀላል? እስከ 1974 ከአንድ ኮንፈረንስ (እርስ በርስ ከሚጫወቱ ኮሌጆች ምድብ) አንድ ቡድን ብቻ ነበር የሚያልፈው! የኛ ሜሪላንድ በ1974 በኖርዝ ካሮላይና ስቴት 103 ለ100 በተጨማሪ ሰዓት ተሸንፎ ቤቱ ቀረ። ያሸነፈው ቡድን ሄዶ ውደንን ጥሎ ዋንጫውን ወሰደ።

የዱክ ደጋፊ፦ እንዲያውም ለኔ መሰከርክልኝ። ጠንካሮቹ ቤታቸው ከቀሩ ለገባው ቀለለት ማለት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ መግባቱስ? ኮንፈረንሱን ካላሸነፍክ ዓመትህ አለቀ። ዱክ ያን ያውቃል?

መዝጋቢው፦ ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት ነው። በ1971 ከዩሲኤልኤ ጋር በአንድ ኮንፈረንስ የነበረው ዩኤስሲ (የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) 24 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸንፎ፣ ሁለቱንም በዩሲኤልኤ፣ ውድድሩ ውስጥ አልገባም። ውደን ከሱ ጋር በማርች አልተገናኘም፤ ለመግባት ግን እሱን መቅደም ነበረበት። ክርክሩን እዚሁ አቁሙት፤ ሌሎችም ይጠይቁ።

አዲስ ገቢ ሁለተኛው፦ ከሁሉም የሚበልጠው ማን ነው ትላለህ?

መዝጋቢው፦ ይህ ተጠይቋል፤ ከላይ አንብብ።

ከዳላስ፦ አሰልጣኝ ሪክ ፒቲኖ ስንት ዋንጫ አለው?

መዝጋቢው፦ በመዝገብ አንድ፣ የ1996ቱ ከኬንታኪ ጋር። የ2013ቱ የሉዊቪል ዋንጫ በደንብ ጥሰት ተሰርዟል። ለተሸናፊው ለሚሺጋንም አልተሰጠም፤ ቦታው ባዶ ነው። የአሰልጣኝ ጆን ካሊፓሪም የ1996 እና የ2008 ፋይናል ፎሮች እንዲሁ ተሰርዘዋል። ስለዚህ ቁጥር ስትጠቅሱ ከስረዛ በፊት ነው በኋላ የሚለውን ተናገሩ።

ከፌርፋክስ፦ ጋሼ፣ በ2006 የኛን የፌርፋክሱን ኮሌጅ የጆርጅ ሜሰንን የድል ማታ ታክሲ እየነዳሁ በሬዲዮ ነው የሰማሁት። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበረ ግማሹ አልገባኝም፤ ተሳፋሪዬ ግን አለቀሰ። እውነት ያን ያህል ትልቅ ነገር ነበር?

መዝጋቢው፦ ነበር እንጂ ወንድሜ። 11ኛ ሲድ (ከውድድሩ በፊት የሚሰጥ የጥንካሬ ደረጃ) ሆኖ ሚሺጋን ስቴትን፣ ኖርዝ ካሮላይናን፣ ዊቺታ ስቴትን ጣለ፤ ከዚያ እዚያው ዋሽንግተን ላይ ኮኔክቲከትን በተጨማሪ ሰዓት 86 ለ84 አሸንፎ ፋይናል ፎር ገባ። አሰልጣኙ ጂም ላራኛጋ በ2023 ደግሞ ማያሚን ፋይናል ፎር አደረሰ። ተሳፋሪህ ያለቀሰው በደንብ ገብቶት ነው።

እህት ከአትላንታ፦ ሴቶቹስ? አንድም አላነሳህም።

መዝጋቢው፦ ልክ ነሽ። የኮኔክቲከቱ ጂኖ ኦሪዬማ 12 ዋንጫ፣ የቴነሲዋ ፓት ሰሚት 8። የሴቶቹን መዝገብ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እባክሽ ቀጥዪበት።

የዱክ ደጋፊ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። በመጀመሪያ ዙር የማይወድቀው ማን ነው? ኮች ኬ አይደለም፤ በመጀመሪያ ዙር የጣሉን ትንንሾቹ ሊሃይና ሜርሰር ገና ያሙኛል።

መዝጋቢው፦ ሮይ ዊሊያምስ። በካንሳስና በኖርዝ ካሮላይና 29 ጊዜ ተከታትሎ የመጀመሪያ ጨዋታውን አሸነፈ። የተሸነፈው በ30ኛው ነው፤ በ2021፣ በዊስኮንሰን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጡረታ ወጣ።