መልስ፦ እናቱ ከሞተች ወዲህ ዝም ያለውን ተማሪዬን እንዴት ልርዳው?

ልጁን ገና ምንም አትጠይቂው፤ ከአያቱ ጀምሪ።

ክፍል ውስጥ ይተኛል፣ አይናገርም፣ አያቱ ለምነው ነው የሚያሳድጉት ብለሻል። መጀመሪያ ማታ በልቶ ማደሩንና የት እንደሚተኛ እወቂ። የተራበ ልጅና ያዘነ ልጅ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ነው። አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ቁርስና ምሳ አለ፤ የሚከብደው ቅዳሜና እሑድ ነው።

ከዚያ፦

1. ከአያቱ ጋር ወረዳ፣ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ሴፍቲኔት በሚባለው የመንግሥት የድሆች ድጋፍ ውስጥ ስላለው ቀጥታ ድጋፍ ጠይቂ፤ መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ነው የታሰበው። ብቻቸውን አትላኪያቸው፣ "ነገ ይምጡ" እየተባሉ ይመላለሳሉ።

2. ልጁ ጤና ጣቢያ ይታይ። ካስፈለገ ሪፈር ይጻፍለታል፣ ለምሳሌ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል። የድሃ ድሃ ለሚባሉ ቤተሰቦች የጤና መድን መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል፤ እሱንም ወረዳ ላይ አንሺ። "ልሙት" የሚል ነገር ከተናገረ ግን ወረቀት አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ውሰጂው።

አያቱ ጸበል ካሉ አትከራከሪያቸው። ጸበሉም ይሁን፣ ሐኪሙም አይቅር።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ትንሽ ኃላፊነት ስጪው፤ ደብተር ማደል፣ ሰሌዳ ማጥፋት። ሳያወራ የሚሠራው ነገር ይሁን።

አደራ፣ እርዳታ ለማሰባሰብ ብለሽ ቲክቶክ ላይ እንዳታወጪው። እንዲህ የተለጠፉ ልጆች ሰፈር ውስጥ ሲሾፍባቸው አይቻለሁ። ልብስ ወይም ጫማ ካገኘሽለትም ክፍል ውስጥ አትስጪው፣ በአያቱ እጅ ይድረሰው።