ተራራ ላይ ዲስክ ልትወረውሩ ለተነሳችሁት

ወንድሜ ጥያቄህን አሁን ነው ያየሁት። አራት ሆናችሁ 3000 ሜትር ግድም ላይ ያለ፣ ሰውዬው በገዛ መሬቱ ላይ የሰራው ዲስክ ጎልፍ (ሳህን መሳይ ዲስክ እየወረወሩ ሰንሰለት ያለው ቅርጫት ውስጥ ሚከቱበት ጨዋታ) ሜዳ ልትሄዱ ነው፣ ምትኖሩት ደግሞ ቆላ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ዲስኩ ሩቅ ይሄዳል ሚባለው እውነት ነው ወይ፣ ምን ምን እንያዝ፣ ባለቤቱንስ እንዴት እንቅረበው ነው ያልከው። እንደዚህ አይነት ቦታ ሁለቴ ሄጃለሁ፣ የመጀመሪያውን ጉድ ሆኜ ነው የተመለስኩት ስለዚህ ከሱ ልጀምርልህ።

ያኔ እኔም እንዳንተ አየሩ ስስ ነው ብዬ ያሉኝን ፈጣን ድራይቨሮች፣ ለሩቅ ውርወራ ሚሆኑትን ዲስኮች፣ በሙሉ፣ 175 ግራም ምናምን ሚመዝኑትን፣ ቦርሳ ሙሉ ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሆል (ከመነሻው እስከ አንድ ቅርጫት ያለው መንገድ) ላይ ባለ በሌለ ኃይሌ ለቀቅኩት፣ ዲስኩ ትንሽ እንደሄደ ወደ ግራ ታጠፈና ጥዶቹ ውስጥ ገባ። ሁለተኛውም እንደዛው። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የክንዴ መስሎኝ ጭራሽ ኃይል ጨመርኩ፣ አምስተኛው ሆል ስንደርስ ሁለት ዲስክ ጠፍቶብኛል፣ ትንፋሼ ደረቴ ላይ ቀርቷል፣ ራሴን ጭው ብሎኛል። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከኋላ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው መጡና "ልጄ እነዚህን አስቀምጣቸው፣ ፓተርህን አውጣ" አሉኝ። ፓተር እንግዲህ ቅርጫቱ አጠገብ ለአጭር ውርወራ ሚሆነው ዲስክ ነው፣ አፈርኩ ግን አወጣሁ፣ በፓተር የወረወርኩት በድራይቨር ከወረወርኩት አልፎ አረፈ!

ነገርዬው እንዲህ ነው። 3000 ሜትር ላይ አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲነፃፀር ሩብ ያህል ይሳሳል። ዲስክ ደግሞ ሚንሳፈፈው አየሩን ተደግፎ ነው፣ ድጋፉ ሲቀንስ ቶሎ ይወርዳል። ሚጎትተው አየርም ስለሚቀንስ ፍጥነቱን ይዞ ይቆያል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን እሱ ሚጠቅመው ክንዱ እንደ ጥይት የሆነ ሰውን ነው፣ ለኔና ለቢጤዎቼ አጠረብን እንጂ አልረዘመልንም። ሰው ሚምታታው ከተራው ጎልፍ ነው፣ ኳሷ እውነትም ተራራ ላይ ሩቅ ትሄዳለች፣ ዲስክ ግን ክንፍ ነው። በቁጥር ካልከኝ ደግሞ እዛ ላይ በሰዓት 90 ኪሎሜትር ምትወረውረው ዲስክ ከአየሩ ሚያገኘው ጉልበት ታች ላይ በ78 ግድም ብትወረውረው ሚያገኘውን ነው። ማለትም ዲስኩ አንተን እንደ ደካማ ክንድ ነው ሚያይህ። ታች ላይ ቀጥ ብሎ ሚሄድልህ ዲስክ እዛ ኦቨርስቴብል ይሆንብሃል፣ ማለትም ቀኝ እጅ ሆነህ በባክሃንድ (ክንድህን በደረትህ በኩል አሻግረህ) ከሆነ ምትወረውረው መሀል ላይ ወደ ቀኝ መዞሩን ይተውና መጨረሻ ላይ ወደ ግራ መውደቁን ቶሎ ያመጣዋል።

ስለዚህ ከባድ ድራይቨር ያዝ ያለህን ሰው አትስማው። ዲስኩ ላይ ከተፃፉት አራት ቁጥሮች ሶስተኛዋን፣ ተርን ሚሏትን፣ መሀል ላይ ምን ያህል እንደሚዞር ምትነግርህን፣ እያት፣ -2 ወይ -3 ያላቸውን ያዝ፣ ግላይዳቸው (አየር ላይ መንሳፈፋቸው) ከፍ ያለ፣ ክብደታቸው ከ150 እስከ 165 ግራም ያለውን። ይሄ ለጀማሪ ነው ብለህ ሳጥን ውስጥ የጣልከው ካለ እሱን አውጣው። ዛፍ ሲመታ የኖረ ያረጀ ዲስክም እዛ ላይ ወርቅ ነው፣ እያረጀ በሄደ ቁጥር መዞር ስለሚወድ። ደግሞ ብርዱንም አስብበት፣ በ1000 ሜትር ወደ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ እናንተ ጋር ሲሞቅ እዛ ሌላ ወቅት ነው፣ ፕላስቲኩ ይደርቃል እጅህም ይደነዝዛል።

ቁልቁል ሆሎቹ ናቸው ሰው ሚጓጓላቸው፣ እውነት ለመናገር እኔም ለሱ ስል ነው ሁለተኛ የሄድኩት። ቲው (መወርወሪያ መነሻው) ላይ ቆመህ ቅርጫቱ ከእግርህ ስር እንደ ጣሳ ሲታይህ ልብህ ሌላ ነው ሚልህ። ግን ሁሉም ሚሳሳተው ሰማዩን እያየ ስለሚወረውር ነው፣ ዲስኩ ከፍ ይልና አየር ላይ ቆይቶ ቆይቶ ያ ወደ ግራ ሚወድቀው ነገር ሲደማመር ሌላ ሸለቆ ውስጥ ታገኘዋለህ። አፍንጫውን፣ የፊት ጠርዙን ማለቴ ነው፣ ዝቅ አድርገህ ከቁልቁለቱ ጋር እኩል አስኪደው፣ በሚድሬንጅ (ለመካከለኛ ርቀት ሚሆነው ዲስክ)፣ በግማሽ ኃይል። ነፋሱ ደግሞ ፀሐይ ካሞቀች በኋላ ከሸለቆው ወደ ላይ መንፈስ ይጀምራል፣ ቁልቁል ስትወረውር ከፊትህ ነው ሚመጣው ማለት ነው፣ የፊት ነፋስ ዲስኩን ወደ ቀኝ ስለሚገለብጠው ጠዋት የሰራልህ ውርወራ 5 ሰዓት ላይ አይሰራም። በጠዋት ጀምሩ ምልህ ለዚህ ነው፣ ለሱ ብቻም አይደለም ወደኋላ እነግርሃለሁ።

ፓት ስታደርግ፣ ማለትም የመጨረሻዋን አጭር ውርወራ ወደ ቅርጫቱ ስትወረውር፣ ቅርጫቱ ገደል አፋፍ ላይ ከሆነ ከመወርወርህ በፊት ብስት የት ይሄዳል በል። የኔ ፓተር ሰንሰለቱን ነክቶ ወጣና በጠርዙ ቆመ፣ ከዛ እንደ ጎማ እየተንከባለለ ዳገቱን ወረደ፣ ቆሜ ሳየው ነበር፣ መሳቁም መናደዱም አቃተኝ። ከዛ ወዲህ ዲስኬን ከቅርጫቱ በታች ባለው በኩል አሳርፋለሁ፣ ሽቅብ ፓት ማድረግ ቢከብድም ቢያንስ ሸለቆ አያስወርድህም። ሽቅብ መመለሱ እኮ ነው ነገሩ፣ እዛ ከፍታ ላይ 40 ሜትር ዳገት ቀልድ አይደለም።

ስለ ሰውነት አጭር ነው ግን አትለፈው። ከ2500 ሜትር በላይ ያልለመደን ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ይችላል፣ ጎበዝ ስፖርተኛ መሆን አያድንም። ቢቻል አንድ ሌሊት መሀል ከፍታ ላይ እደሩ፣ የመጀመሪያውን ማታ መጠጥ ተዉ፣ ውሃ ጠጡ። ራስ ምታቱ ከባሰ ወይ የሚደናበር፣ መሄድ ሚያቅተው፣ ተቀምጦም ትንፋሽ ሚያጥረው ሰው ካለ ጨዋታው ይቅር፣ ወዲያው ይዛችሁት ውረዱ፣ ያድራል ይሻለዋል አይባልም። ፀሐይዋም በየ1000 ሜትሩ ወደ 10 ፐርሰንት ትበረታለች፣ ብርድ ነው ብለህ ክሬም ካልተቀባህ ማታ ፊትህ ይላጣል።

አሁን ወደ ጠዋቱ ጉዳይ። ተራራ ላይ በተለይ በሞቃቱ ወቅት ከሰዓት በኋላ ደመና በድንገት ነው ሚሰበሰበው፣ አንተ ደግሞ ገላጣ ሸንተረር ላይ ከብረት ቅርጫት አጠገብ ነህ። ነጎድጓድ ከሰማህ ጨዋታ የለም፣ መኪና ውስጥ ወይ ቤት ግቡ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ። አንዱ ጓደኛችን ሁለት ሆል ነው የቀረው እንጨርስ ሲል ባለቤቱ ምንም አልተናገሩም፣ ቅርጫቱን ትተው ወደ ቤታቸው መሄድ ጀመሩ፣ ሁላችንም ተከተልናቸው።

ባለቤቱን በተመለከተ ሳትደውሉ አትሂዱ፣ አራት ነን ካላችሁ አራት ሁኑ፣ አምስተኛ ሰውም ውሻም ካለ ቀድማችሁ ጠይቁ። ለጉዳት ራሴ ነኝ ኃላፊው ሚል ወረቀት ቢያስፈርሟችሁ አትከፉ፣ ሰውዬው የሰው እግር ተሰብሮ ቢከሰሱ ሚያጡት ቤታቸውን ነው። በር ተዘግቶ ካገኛችሁት ዘግታችሁ እለፉ፣ ክፍት ካገኛችሁት ክፍት ተዉት፣ ከብት ሊኖር ይችላል። ቅርንጫፍ አስቸገረኝ ብሎ መስበር፣ ሲጋራ መጣል በፍፁም። ፎቶ ፖስት ከማድረጋችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ ሎኬሽኑን ለጥፎ መቶ ሰው በር ላይ ያቆመባቸው እንዳለ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ካርታውን ስልክህ ላይ ቀድመህ አውርደው ኔትወርክ ላይኖር ይችላል። የጠፋ ዲስክ በህጉ ሚፈለገው 3 ደቂቃ ነው፣ የጎረቤት አጥር ከዘለለ ግን አትከተሉት፣ ለባለቤቱ ንገሯቸው፣ ለዚህ ሲባል ስምና ስልክ ከጀርባው ይፃፍበት። አንዳንዱ ቅርጫት ራሳቸው የበየዱት ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ሆል ላይ ጭራሽ ዒላማው ምሶሶ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ አትሳቁ፣ በፈረንጆቹ 1975 ካሊፎርኒያ ኦክ ግሮቭ ላይ የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ ሲሰራም ዒላማው ምሶሶ ነበር፣ ሰንሰለቱ በኋላ የመጣ ነው።

ስንት ዲስክ ልያዝ ላልከው 6 ወይ 7 በቂህ ነው። ሁለት ፓተር፣ ሶስት ሚድሬንጅ፣ አንድ ቀላል ፌርዌይ ድራይቨር (ከፈጣኑ ድራይቨር ዝግ ያለው)፣ ከፈለክ አንድ ኦቨርስቴብል ለነፋሱ። እኔ ያኔ 19 ይዤ ነበር፣ 18ቱንም ሆል ሽቅብ ተሸክሜያቸው ዞርኩ፣ የተጠቀምኩት አራቱን ነው።